አየር ባዶ ቦታ አይደለም፦ የፌምቶሰከንድ ፐልስ ጉዞ

ከሌዘሩ አፍ ላይ ሲለካ 10 ፌምቶሰከንድ የነበረ ፐልስ (አጭር የብርሃን ምት)፣ 10 ሜትር ርቆ ካለው ዒላማ ሲደርስ 56 ፌምቶሰከንድ ሆኖ ይገኛል። መሃል ላይ ሌንስ የለም፣ ማጣሪያ የለም፤ ያለው አየር ብቻ ነው። ጨረሩ የሚያልፍበትን አየር እንደ ባዶ ቦታ መቁጠር በተራ ሌዘር ያስኬዳል፤ በፌምቶሰከንድ ሌዘር ግን ዋጋ ያስከፍላል። አየርን በጣም የሳሳ፣ ግን በጣም የረዘመ ብርጭቆ ነው ብሎ ማሰብ ይሻላል። እንደ ብርጭቆ አንዱን ቀለም ከሌላው ያዘገያል፤ እንደ ብርጭቆም ጠንካራ ብርሃን ሲያልፍበት ጠባዩ ይለወጣል።

መጀመሪያ ልኩን እንያዝ። ፌምቶሰከንድ የአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ ሚሊዮንኛ ነው። 30 ፌምቶሰከንድ የሚቆይ ፐልስ በጉዞው አቅጣጫ ሲለካ 9 ማይክሮሜትር ነው፤ ከጸጉር ዘለላ ይቀጥናል። ጨረሩ 1 ሴንቲሜትር ስፋት ካለው የሚበረው ነገር ዘንግ ሳይሆን ስስ ወረቀት ነው ማለት ነው። በ800 ናኖሜትር አንድ የሞገድ ዑደት 2.67 ፌምቶሰከንድ ስለሚፈጅ፣ እዚያ ወረቀት ውስጥ ያሉት ዑደቶች 11 ገደማ ናቸው። ከዚህ በኋላ ጉልበት ስል በጁል የሚለካውን፣ አቅም ስል ደግሞ በዋት የሚለካውን ነው፤ ሁለቱን ማምታታት በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ያሳስታል።

ቀለም ከቀለም ሲለያይ

አጭር ፐልስ ባለ አንድ ቀለም ሊሆን አይችልም። ባጠረ ቁጥር የሚይዘው የቀለም ስፋት ይጨምራል፤ 800 ናኖሜትር ላይ 10 ፌምቶሰከንድ ለመሆን ቢያንስ 94 ናኖሜትር ስፋት ይፈልጋል። የአየር የስብረት መጠን፣ ማለትም ብርሃንን የሚያዘገይበት ልክ፣ በዚህ የሞገድ ርዝመት 1.00027 ገደማ ነው፤ ወደ ሰማያዊው ሲኬድ ትንሽ ከፍ፣ ወደ ቀዩ ሲኬድ ትንሽ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ቀዩ ይቀድማል፣ ሰማያዊው ይዘገያል፣ ፐልሱም እየተጎተተ ይረዝማል። ይህ የቀለማት መለያየት ዲስፐርሽን ይባላል፤ መጠኑ ለእያንዳንዱ ሜትር 20 ፌምቶሰከንድ ካሬ ገደማ ነው። 400 ናኖሜትር ላይ ከእጥፍ በላይ ይሆናል።

ሂሳቡ በወረቀት ይሠራል። የሜትሩን ብዛት በ20 አባዙ፤ ውጤቱን በ2.77 አባዙ፤ ከዚያ መነሻው የፐልስ ርዝመት በራሱ ተባዝቶ ለሚሰጠው ቁጥር አካፍሉ። የሚወጣው ከ0.3 በታች ከሆነ አየሩን ርሱት። 1 ከሆነ ፐልሱ በ1.41 እጥፍ ረዝሟል። ከዚያ በብዙ ከበለጠ ፐልሱ በዚያው ቁጥር ልክ ተባዝቷል ቢባል ብዙ አያሳስትም። በዚህ ስሌት 100 ፌምቶሰከንድ ከ10 ሜትር በኋላም ያው 100 ነው። 30 የነበረው 35 ይሆናል። 5 የነበረው ግን በ1 ሜትር ብቻ 12 ይሆናል። በ100 ፌምቶሰከንድ የሚሠራ ሰው ስለ አየር ሲነገረው የማይደንቀው፣ በ5 የሚሠራው ደግሞ ጠረጴዛውን በሙሉ ቫኪዩም ውስጥ የሚከተው ለዚህ ነው።

አየሩን ከመክሰስ በፊት ግን ብርጭቆውን ቁጠሩ። ፊውዝድ ሲሊካ በ800 ናኖሜትር ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር 36 ፌምቶሰከንድ ካሬ ይጨምራል። ማለትም 1 ሚሊሜትር ብርጭቆ ወደ 1.8 ሜትር አየር ያህል ነው። 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ተራ የቢኬ 7 ሌንስ ብቻውን ከ6 ሜትር አየር ይበልጣል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ስህተት ይህን ይመስላል፦ አውቶኮሬሌተሩ (የፐልስ ርዝመት መለኪያው) ከኮምፕረሰሩ (ፐልሱን ከሚያሳጥረው መሣሪያ) 1 ሜትር ርቆ ይቀመጣል፤ ጨረሩ ጠንካራ ስለሆነ ከፊቱ ባለ 2 ሚሊሜትር ጨለማ ማጣሪያ ይደረጋል፤ ኮምፕረሰሩ አውቶኮሬሌተሩ ላይ አጭር እስኪያሳይ ይስተካከላል። ውጤቱ ለአውቶኮሬሌተሩ የተስተካከለ ፐልስ ነው፤ ናሙናው ላይ የሚደርሰው ሌላ ነው። መፍትሔው መለኪያው የሚያየውን አየርና ብርጭቆ ናሙናው ከሚያየው ጋር ማስተካከል ነው። ጨረሩን ለማድከም በማጣሪያ ፋንታ ከሾጣጣ ብርጭቆ የፊት ገጽ የሚንጸባረቀውን 4 በመቶ መጠቀም ይሻላል፤ የተንጸባረቀው በብርጭቆው ውስጥ አያልፍምና።

ማካካሱ ቀላል ነው። በሚሊሜትር 1,200 መስመር ያለው ግሬቲንግ (ቀለማትን የሚለያይ ባለ መስመር ገጽ) በያዘ ኮምፕረሰር የግሬቲንጎቹን ርቀት በ0.1 ሚሊሜትር ማንቀሳቀስ ጥቂት መቶ ፌምቶሰከንድ ካሬ ያመጣል፤ ይህ ከ10 ሜትር አየር ይበልጣል። ስለዚህ ለአየር የሚደረገው ማስተካከያ ከመሽከርከሪያው ቅንጣት ያህል ነው፤ የሚጎዳው አየሩ መኖሩ ሳይሆን አለመቆጠሩ ነው። ኮምፕረሰር በሌለበት ደግሞ በእያንዳንዱ ነጸብራቅ 40 ፌምቶሰከንድ ካሬ የሚቀንሱ ቸርፕድ መስታወቶች ካሉ፣ አምስት ነጸብራቅ 10 ሜትሩን ይመልሳል።

ፐልሱ የረዘመው በዲስፐርሽን ይሁን በሌላ ለማወቅ ስፔክትሮሜትሩን፣ ማለትም የፐልሱን ቀለማት (ስፔክትረሙን) የሚያሳየውን መለኪያ፣ እዩ። ዲስፐርሽን የቀለማቱን ሰልፍ እንጂ ቀለማቱን አይነካም። ስፔክትረሙ ሳይለወጥ ፐልሱ ከረዘመ ጥፋቱ የዲስፐርሽን ነው። ስፔክትረሙ ከሰፋ፣ በተለይ ወደ ሰማያዊው ጅራት ካወጣ፣ ነገሩ ወደ ኋላ የምመጣበት ሌላ ጉዳይ ነው።

ሁለት ፐልሶችን በሰዓት ለሚያገናኙ ሰዎች ሌላም ወጥመድ አለ። 1 ሜትር አየር ከቫኪዩም ጋር ሲነጻጸር ፐልሱን 0.9 ፒኮሰከንድ ያዘገያል። ይህ ቋሚ ቢሆን ምንም አልነበረም። ነገር ግን የአየሩ ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር የስብረት መጠኑ በሚሊዮንኛ ገደማ ይቀንሳል፤ በ10 ሜትር መንገድ ይህ 10 ማይክሮሜትር፣ በጊዜ ሲለወጥ ደግሞ 30 ፌምቶሰከንድ ያህል ነው። ሁለቱ መንገዶች ጎን ለጎን ከሄዱ ለውጡ እርስ በርሱ ይጣፋል። አንዱ በሞቀ የኃይል ማቅረቢያ ሳጥን በላይ፣ ሌላው በቀዝቃዛ ግድግዳ በኩል ካለፉ ግን ከቀኑ ሰዓት ጋር የሚንሸራተት የዜሮ ነጥብ (ሁለቱ ፐልሶች እኩል የሚደርሱበት) ይገኛል፤ መንስኤውንም ሰው የአንዱን መንገድ ርዝመት በሚያስተካክለው ሞተር ውስጥ ሲፈልግ ይውላል።

እርጥበትም ድርሻ አለው። የውሃ ተን በ720፣ በ820 እና በ940 ናኖሜትር አካባቢ ቀጫጭን የመምጠጫ መስመሮች አሉት። ሰፊ ስፔክትረም ያለው ፐልስ ላይ ከወደቁ ከኋላው ረጅምና ደካማ ጅራት ይተዉበታል። 2 ማይክሮሜትር አካባቢ ደግሞ የውሃ ተንና የካርቦን ዳይኦክሳይድ መስመሮች ተጨናንቀዋል፤ እዚያ የሚሠራ ሌዘር በደረቅ ናይትሮጅን የተሞላ ሳጥን ውስጥ ካልተቀመጠ ጉልበትም የጨረር ቅርጽም ያጣል።

አቅም ሲበዛ አየሩ ራሱ ሌንስ ይሆናል

እስካሁን ያልነው ሁሉ ለደካማ ፐልስ ነው። ብርሃኑ ሲጠነክር የአየሩ የስብረት መጠን አብሮ ከፍ ይላል። ጨረሩ መሃሉ ላይ ከዳሩ ስለሚጠነክር መሃሉ ይበልጥ ይዘገያል፣ የሞገዱ ፊት ይጎብጣል፣ አየሩም ልክ እንደ አጉሊ ሌንስ ጨረሩን ወደ ውስጥ ይሰበስበዋል። በአንጻሩ ማንኛውም ጨረር በተፈጥሮው መዘርጋት ይፈልጋል። የሁለቱን ትግል የሚወስነው የጨረሩ ጥንካሬ (በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ የሚያርፈው አቅም) ሳይሆን ጠቅላላ አቅሙ ነው። ይህ ብዙዎችን የሚያደናግር ነጥብ ስለሆነ ላስረግጠው። ጨረሩን በሁለት እጥፍ ብታሰፉት ጥንካሬው በአራት ይቀንሳል፤ ነገር ግን የመዘርጋት ዝንባሌውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስፋቱ ከሂሳቡ ይወጣል። ማስፋት መሰብሰቡን ያርቀዋል እንጂ አያስቀረውም።

መሰብሰቡ መዘርጋቱን የሚያሸንፍበት ወሳኙ አቅም በተራ አየር ግፊት በ800 ናኖሜትር ከ3 እስከ 10 ጊጋዋት ነው። ክልሉ የሰፋው በመለካት ድክመት ብቻ አይደለም። የአየር ምላሽ ሁለት ክፍል አለው። የኤሌክትሮኖቹ ምላሽ ወዲያውኑ ነው። የናይትሮጅንና የኦክስጅን ሞለኪውሎች ወደ መስኩ አቅጣጫ የሚያደርጉት መዞር ግን 100 ፌምቶሰከንድ ገደማ ይፈጃል። 30 ፌምቶሰከንድ የሆነ ፐልስ ሞለኪውሎቹ ሳይዞሩ ያመልጣል፤ ስለዚህ ወሳኙ አቅም ወደ 10 ይጠጋል። ጥቂት መቶ ፌምቶሰከንድ የሚቆየው ግን መዞሩን ስለሚያገኘው ወደ 3 ይወርዳል። መዞሩ ፐልሱ ካለፈም በኋላ ይታወሳል፦ የናይትሮጅን ሞለኪውሎች በየ8.4 ፒኮሰከንዱ፣ የኦክስጅን በየ11.6 ፒኮሰከንዱ ዳግም ይሰለፋሉ። በዚያች ቅጽበት የሚደርስ ሁለተኛ ፐልስ አየሩን ሌላ አየር ሆኖ ያገኘዋል።

ወሳኙ አቅም ከሞገድ ርዝመቱ ካሬ ጋር ያድጋል፤ ከአየር ግፊት ጋር ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ ግፊቱ ግማሽ ሲሆን እጥፍ ይሆናል።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። 3 ሚሊጁል፣ 40 ፌምቶሰከንድ፤ ሲካፈል 75 ጊጋዋት ነው። ወሳኙን አቅም በመካከል 7 ብንወስድ 10 እጥፍ ገደማ ሆነ ማለት ነው። የጨረሩ ራዲየስ 3 ሚሊሜትር ከሆነ የመዘርጊያ ርዝመቱ 35 ሜትር ነው። በተለመደው የማርበርገር ቀመር ጨረሩ ያለ ምንም ሌንስ 5.6 ሜትር ላይ ራሱን ይሰበስባል። ራዲየሱን 5 ሚሊሜትር ብናደርገው 15.6 ሜትር ይሆናል፤ ለብዙ ክፍል ከግድግዳው ባሻገር ማለት ነው። በ3 ሚሊሜትሩ ጨረር ላይ ባለ 2 ሜትር ሌንስ ብናስገባ ደግሞ የሁለቱ ርቀቶች ግልባጭ ተደምሮ እንደገና ይገለበጣል፦ መሰብሰቢያው 1.47 ሜትር ላይ ይወድቃል። ሌንሱ ከሚለው ነጥብ ግማሽ ሜትር ቀድሞ! መስታወት ወይም መስኮት በዚህ ግማሽ ሜትር ውስጥ ማስቀመጥ ለመቃጠል መመቻቸት ነው።

ክሩ

ጨረሩ ሲሰበሰብ እስከ ዜሮ አይጠብም፤ የሚያስቆመው አለ። ኦክስጅንን አንድ ኤሌክትሮን ለማስጣል 12.07 ኤሌክትሮንቮልት ያስፈልጋል፤ የ800 ናኖሜትር ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ግን 1.55 ብቻ ይዟል። አንዱ ፎቶን ምንም አያደርግም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ስምንት ሆነው በአንድ ጊዜ ሲያርፉ ኤሌክትሮኑ ይወጣል። ለናይትሮጅን 11 ያስፈልጋሉ። የወጡት ኤሌክትሮኖች የስብረት መጠኑን መልሰው ይቀንሳሉ፣ መሃሉ ላይ ጨረሩን ወደ ውጭ ይገፋሉ። መሰብሰብና መገፋት ሲመጣጠኑ 100 ማይክሮሜትር ገደማ ውፍረት ያለው፣ ከጥቂት ሴንቲሜትር እስከ ብዙ ሜትር የሚሄድ የብርሃን ክር ይፈጠራል። ፊላመንት የሚባለው ይህ ነው።

በክሩ ውስጥ ጥንካሬው በ5 × 10¹³ ዋት በካሬ ሴንቲሜትር አካባቢ ይቆማል። ጉልበት ብትጨምሩም አያልፍም፤ ትርፉ ክሩን ያረዝማል ወይም ያበዛል። የኤሌክትሮኖቹ ብዛት በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 10¹⁶ ገደማ ነው፤ ማለትም ከ2,500 ሞለኪውሎች አንዱ ብቻ ነው የተነካው። በአጭር ሌንስ፣ ለምሳሌ በ10 ሴንቲሜትር፣ ሲጨመቅ የሚታየው ድምቅ ያለ ብልጭታ ከዚህ ይለያል፤ እዚያ ኤሌክትሮኑ እጅግ ይበዛል፣ ክር ግን አይባልም። ጥሩ ክር የሚፈልግ ከ1 ሜትር በላይ የሆነ ሌንስ ይያዝ።

በጨለማ ክፍል ውስጥ ክሩ ከጎን ሲታይ ፈዛዛ ሰማያዊ ወይን ጠጅ መስመር ነው፤ ይህ የናይትሮጅን ብርሃን ሲሆን ጠንካራ መስመሮቹ 337 እና 391 ናኖሜትር ላይ ናቸው። ድምፅም አለው፣ በእያንዳንዱ ፐልስ ጠቅ ይላል። ርዝመቱን ለመለካት ርካሹ መንገድ ይኸው ድምፅ ነው፦ ትንሽ ማይክሮፎን ከክሩ ጥቂት ሴንቲሜትር አርቆ በሐዲድ ላይ ማስቀመጥ፣ በ2 ሴንቲሜትር እርምጃ ማንቀሳቀስ፣ የድምፁን ከፍታ መመዝገብ። ድምፁ የሚጮኸው ኤሌክትሮን የበዛበት ቦታ ነው።

ከክሩ ጫፍ አልፎ ነጭ ካርድ ቢያዝ መሃሉ ላይ ነጭ ነጥብ፣ ዙሪያው የቀለም ቀለበቶች ይታያሉ። ከውስጥ ቀዩ፣ ወደ ውጭ እየሄደ አረንጓዴው፣ ከሁሉ ውጭ ሰማያዊው። የገባው ለዓይን እምብዛም የማይታይ ጥቁር ቀይ ነበር፤ የወጣው ነጭ ነው። እዚህ ላይ ነው የደህንነት መነጽር የሚያታልለው። ለ800 ናኖሜትር የተሠራ መነጽር ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ያሳልፋል፤ ካርዱን ከጎን እንጂ ከፊት አትዩ፣ ለሁለቱም ክልል የሚሆን መነጽር ምረጡ። ክሩ ኦዞንና የናይትሮጅን ኦክሳይዶችንም ስለሚያመርት በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ለሰዓታት የሚሠራ ከሆነ መምጠጫ ያስፈልጋል።

ክሩን ራሱን የቻለ ሽቦ አድርጎ የሚያስብ ይሳሳታል። መሃሉ የሚይዘው የጉልበቱን አሥረኛ ያህል ነው፤ የቀረው በዙሪያው ባለ ሰፊና ፈዛዛ ብርሃን ውስጥ አለ፣ ክሩንም እየመገበ ይሄዳል። ማረጋገጥ ለሚፈልግ፦ የአሉሚኒየም ፎይል መንገዱ ላይ ስቀሉ፤ ክሩ ራሱ ቀዳዳውን ይበሳል። በዚያ ጠባብ ቀዳዳ መሃሉ ብቻ ሲያልፍ ክሩ ወዲያው ይሞታል። ተቃራኒውን አድርጉ፣ 100 ማይክሮሜትር የምታህል ጠብታ መሃሉን ትጋርደው፤ ዙሪያው ብርሃን ከኋላዋ ተሰብስቦ ክሩን መልሶ ይሠራዋል። በጭጋግ ውስጥ ክር የሚተርፈው በዚህ ነው።

አቅሙ ከወሳኙ ብዙ እጥፍ ሲሆን ጨረሩ ወደ ብዙ ክሮች ይሰነጠቃል። እያንዳንዱ ክር ጥቂት ወሳኝ አቅም ይበላል። የት እንደሚፈጠሩ የሚወስነው የጨረሩ ጉድለት ነው፤ መስታወት ላይ ያለች አቧራ፣ ሙቀት የነካው ክሪስታል። ያገለገለ የፎቶ ወረቀት በጨረሩ አቃጥላችሁ ብታዩ ነጠብጣቦቹ በየጊዜው አንድ ቦታ ላይ ከሆኑ ጥፋቱ ኦፕቲክሱ ነው፤ በየፐልሱ የሚዘሉ ከሆነ አየሩ ይናወጣል። ነውጥ ክፉ የሚሆነው ክሩ ከመፈጠሩ በፊት ባለው መንገድ ነው፤ ከተፈጠረ በኋላ ክሩ ብዙ ይታገሳል። ስለዚህ ከሌንሱ እስከ መሰብሰቢያው ያለውን በቱቦ ሸፍኑት።

የፐልሱ ድግግሞሽም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ክሩ ያሞቀው አየር ተስፋፍቶ የሳሳ ቦይ ይተዋል፤ ቦዩ ለሚሊሰከንድ ያህል ይቆያል። በሰከንድ 10 ፐልስ የሚተኩስ ሌዘር ሁልጊዜ አዲስ አየር ያገኛል። በ1,000 የሚተኩሰው ግን ያለፈው ፐልስ የቆፈረውን ቦይ ያገኛል፤ ቦዩም ጨረሩን ወደ ውጭ ይበትናል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ጨረሩን ለጥቂት ሰከንድ ዘግታችሁ ስትከፍቱ የመጀመሪያዎቹ ፐልሶች ክር ከተለመደው ቦታ ውጭ ይጀምራል። ክሩ ባለበት ቦታ ብቻ፣ በጎን በኩል በሰከንድ 1 ሜትር የሚሄድ የረጋ የአየር ፍሰት ቦዩን ይጠርገዋል።

ክር የማይፈልጉ፣ ፐልሱን ሳይበላሽ ማድረስ ብቻ የሚሹ ሰዎች የሚከታተሉት የተጠራቀመ የፌዝ ለውጥን፣ ማለትም የብርሃኑ ጥንካሬ በመንገዱ ሁሉ በሞገዱ ላይ የሚጨምረውን መዘግየት፣ ነው፤ ከ1 ራዲያን በታች ቢሆን ይመረጣል። 1 ሚሊጁል፣ 30 ፌምቶሰከንድ፣ ራዲየሱ 5 ሚሊሜትር የሆነ ጨረር በእያንዳንዱ ሜትር አየር ከ0.06 እስከ 0.19 ራዲያን ያጠራቅማል። ራዲየሱ በግማሽ ቢቀንስ አራት እጥፍ ይሆናል። እዚህም ብርጭቆን አትርሱ፤ 1 ሚሊሜትር ፊውዝድ ሲሊካ በዚህ ረገድ 1 ሜትር አየር ያህል ይጎዳል።

ከቤተ ሙከራ ውጭ

ይህ ሁሉ የሚቻለው ፐልስን አስረዝሞ፣ አጉልቶ፣ መልሶ በማሳጠር ዘዴ ነው። ዘዴውን የፊዚክስ ሊቃውንቱ ዶና ስትሪክላንድና ዤራር ሙሩ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1985 አሳዩ፣ በ2018 የፊዚክስ ኖቤል ተጋሩበት። ክር በአየር ውስጥ የታየው በ1995 ነው፤ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ፣ ሙሩ ባለበት ቡድን፣ ወደ 20 ሜትር ርዝመት። ከዚያ ቴራሞቢል የተባለው የፈረንሳይና የጀርመን ፕሮጀክት 5 ቴራዋት ሌዘር በጭነት ኮንቴነር ውስጥ ከቶ ወደ ሰማይ ተኮሰ፤ ነጩ ብርሃን ከ10 ኪሎሜትር በላይ ወጥቶ የውሃ ተንን መለካት አስቻለ። እንዲህ ባለ ርቀት ፐልሱ ሆን ተብሎ ተገልብጦ፣ ሰማያዊው ቀድሞ እንዲወጣ ይደረጋል። አየሩ ሰማያዊውን ሲያዘገይ ቀለማቱ ከፍታው ላይ ይገናኛሉ፣ ክሩም እዚያ ይጀምራል። መሬት ላይ የምትዞር አንዲት የግሬቲንግ ማስተካከያ ክሩን በመቶዎች ሜትር ወደ ላይ ትወስደዋለች።

በ2021 ክረምት በስዊዘርላንድ ሴንቲስ ተራራ ላይ፣ 124 ሜትር ከፍታ ካለው ማማ አጠገብ፣ በሰከንድ 1,000 ፐልስ የሚተኩስ የ1030 ናኖሜትር ሌዘር ተተከለ። እያንዳንዱ ፐልስ ግማሽ ጁል ገደማ፣ ርዝመቱ ወደ 1 ፒኮሰከንድ ነበር። ሐምሌ 24 ቀን በፈረንጆቹ አቆጣጠር መብረቅ የጨረሩን መንገድ ተከትሎ 50 ሜትር ያህል ሲሄድ በፈጣን ካሜራ ተቀረጸ። መብረቁን የመራው ግን ብዙዎች እንደሚገምቱት ክሩ ያወጣቸው ኤሌክትሮኖች አይደሉም፤ እነሱ በናኖሰከንዶች ውስጥ ይጠፋሉ። የመራው ያ በቤተ ሙከራ ውስጥ የሚያስቸግረው የሳሳ ቦይ ነው። በሰከንድ 1,000 ጊዜ ሲቆፈር ሳይሞላ ይቆያል፣ መብረቅም በሳሳ አየር ውስጥ መሄድ ይቀለዋል።